«እርጅና ነው» ከማለታችሁ በፊት የአባታችሁን ጆሮ ፈትሹ

ጥያቄ፦ አባታችን 74 ዓመቱ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘ ሰው ነበር። አሁን የጠየቅነውን ትቶ ሌላ ይመልሳል፤ የሰው ስም ይጠፋዋል፤ ሰው ሲሰበሰብ ጥግ ይዞ ዝም ይላል። ሲራመድ ግድግዳ ይደገፋል፤ ባለፈው ወር ሌሊት ለሽንት ሲነሳ ወድቆ ክንዱ ተላጠ። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል፤ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ደግሞ ራሱ ከፋርማሲ የሚገዛት ክኒን አለች። ወንድሜ «እርጅና ነው፣ ተዉት» ይላል። እህቴ «የመርሳት በሽታ ጀምሮታል» ብላ ገንዘቡንም የውጭ ጉዳዩንም ከእጁ እንውሰድ ትላለች። የቱ ነው ልክ? እሱንስ ምን ብለን እንንገረው?

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ መልሱ ለሦስታችሁም ስለሆነ «እናንተ» እያልን እንቀጥላለን።

አንዱ «እርጅና»፣ አንዷ «በሽታ» ማለታቸው የተቃረኑ ያስመስላቸዋል እንጂ ሁለቱም ፍርድ የሚያደርሰው አንድ ቦታ ነው፤ አባታችሁ ሳይመረመሩ ይቀራሉ። ስለ አእምሮ ከመነጋገራችን በፊት ከደብዳቤያችሁ ውስጥ አራት ነገሮች መፈተሽ አለባቸው፦ ጆሯቸው፣ ያቺ የእንቅልፍ ክኒን፣ ቆመው ሲለካ የሚታየው የደም ግፊታቸውና የእግራቸው ጉልበት። ሰዓት፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ጠንካራ ወንበርና ደብተር ካላችሁ አብዛኛውን ቤት ውስጥ በአንድ ከሰዓት በኋላ ትጨርሱታላችሁ።

ጆሮ

«የጠየቅነውን ትቶ ሌላ ይመልሳል» ያላችሁት ላይ ትንሽ እንቆይ። ዕድሜ ሲገፋ በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት እየሞቱ ይሄዳሉ፤ ቀድመው የሚሞቱት ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት ናቸው። የንግግር ጉልበት ያለው አናባቢው ላይ ነው። አናባቢ ወፈር ያለ ድምፅ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ይሰማል። ቃልን ከቃል የሚለየው ግን በአብዛኛው ተነባቢው ነው፤ ስ፣ ፍ፣ ት፣ ክ የመሳሰሉት ደግሞ ቀጭንና ደካማ ናቸው። ስለዚህ ሰውየው መናገራችሁን ይሰማል፣ የተናገራችሁትን ግን አይለየውም። ሰፋ፣ ጠፋ፣ ከፋ፣ ተፋ የሚሉትን ቃላት ውሰዱ። አራቱም የሚለያዩት በመጀመሪያዋ ድምፅ ብቻ ነው። አንዳችሁ «ቀሚሱ ሰፋኝ» ስትሉ እሳቸው «ጠፋኝ» ብለው ሰምተው «ደህና አድርገሽ ፈልጊው» ቢሉ ቤተሰቡ እርስ በርሱ ይተያያል። አባታችሁ ግን ምንም አልቀላቀሉም፤ ለሰሙት ነገር ትክክለኛ መልስ ነው የሰጡት።

ሰው በተሰበሰበበት ጥግ መያዛቸውም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ጫጫታ ባለበት ክፍል አእምሮ የጎደለውን ድምፅ ከጨዋታው አካሄድ እየገመተ ይሞላዋል። ግምቱ ያደክማል፤ ደክሞት የተቀመጠ ሰው ደግሞ የተወራውን ለመያዝ የሚተርፈው ትኩረት ትንሽ ነው። ከዚያ በኋላ «ትናንት የነገርንህን ረሳኸው?» ይባላል።

ፈተናው ይህ ነው። ከንፈራችሁን እንዳያነቡ ከኋላቸው፣ አንድ ክንድ ርቃችሁ ቁሙ፤ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል። አንዱን ጆሯቸውን በጣታቸው ይድፈኑ። ትንፋሻችሁን በደንብ አስወጡና ቁጥርና ፊደል የተቀላቀሉበት ሦስት ነገር አንሾካሹኩ፤ ለምሳሌ «አራት፣ ለ፣ ሁለት»። ሦስቱንም ከደገሙ ያ ጆሮ አልፏል። ካልደገሙ ሌላ ሦስት ሞክሩ፤ ከስድስቱ ከሦስት በታች ከያዙ የጆሮ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ ሌላኛው ጆሮ፣ በሌላ ቁጥርና ፊደል። ትንፋሽ አስወጡ ያልነው ሹክሹክታችሁ ሳታስቡት ወደ ድምፅ እንዳያድግ ነው፤ ብዙ ሰው ፈተናውን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው።

አንዳንዴ ጥፋቱ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት ግን አትነካኩት፤ ኩኩን ወደ ውስጥ ገፍቶ ይጠቀጥቀዋል፤ የጤና ባለሙያ ያውጣው። መጮህም ተዉ። ጩኸት በይበልጥ የሚያጎላው አናባቢውን ነው፤ ጎድሎ የነበረው ተነባቢ እንደጎደለ ይቀራል፤ በዚያ ላይ የተጎዳ ጆሮ ከፍ ያለ ድምፅ ቶሎ ያመዋል። ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ መጀመሪያ ጠርታችሁ ትኩረታቸውን አግኙ፣ ብርሃን ፊታችሁ ላይ እንዲያርፍ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ያልገባቸውን ያንኑ ቃል ደጋግማችሁ አትበሉት፤ በሌላ ቃል ንገሯቸው።

የመስሚያ መሣሪያ ከታዘዘላቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው። ለዓመታት ያልተሰማው የሳህን ኳኳታ፣ የውሃ ፍሰት፣ የራስ ኮቴ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ፀጥ ባለ ክፍል ከአንድ ሰው ጋር፣ በቀን ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይጀምሩ፤ በየጥቂት ቀኑ ጨምሩላቸው። ከመጀመሪያው ቀን ሰው የበዛበት ግብዣ ይዞት የሄደ ሰው መሣሪያውን አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፤ ተመልሶም አያወጣውም።

ያቺ ክኒን

ስሟን ከጀርባዋ አንብቡ። ያለ ሐኪም ማዘዣ ለእንቅልፍ የሚሸጡት ብዙዎቹ ዲፌንሃይድራሚንን የመሰሉ የድሮ የአለርጂ መድኃኒቶች ናቸው፤ ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚንም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። እነዚህ አሴቲልኮሊን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ያግዳሉ። ይህ መልእክተኛ አእምሮ አዲስ ነገር እንዲይዝ፣ አንጀት እንዲንቀሳቀስ፣ ፊኛ እንዲኮማተር የሚያስፈልግ ነው። ስለዚህ ክኒኗ እንቅልፍ ሰጥታ አፍ መድረቅ፣ የሆድ ድርቀት፣ የሽንት መታገድ፣ የዓይን ብዥታና በማግስቱ ድንዝዝ ማለትን ታስከትላለች። ለነርቭ ሕመም ወይም ለድብርት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊንም ይህ ጠባይ አለው።

ለጭንቀትና ለእንቅልፍ የሚሰጠው ዳያዜፓም ከሆነች ነገሩ ሌላ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የሰውነት ስብ ድርሻ ይጨምራል፤ ዳያዜፓም ስብ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ጉበትም የሚያጣራበት ፍጥነት ይቀንሳል። በ20 ዓመት ወጣት ላይ የመድኃኒቱ ግማሽ ከደም ለመውጣት አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ በ80 ዓመት ሰው ላይ ከሦስት ቀን ሊበልጥ ይችላል። ዛሬ ማታ የምትዋጠው የትናንቷና የትናንት በስቲያዋ ላይ ትደረባለች። ግድግዳ መደገፉም ስም መጥፋቱም ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን ለሳምንታት የተወሰደ ዳያዜፓም በአንድ ጊዜ አይቋረጥም፤ መንቀጥቀጥና የሚጥል በሽታን የመሰለ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ሐኪም በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ያስቁመው።

እንቅልፉስ በእርግጥ ጠፍቷል? ከዕድሜ ጋር ጥልቁ እንቅልፍ ይሳሳል፤ የሰውነት ሰዓትም ወደፊት ይቀድማል። ማታ 2 ሰዓት ተኝቶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የነቃ ሰው እንቅልፍ አልጠፋበትም፤ 7 ሰዓት ተኝቷል። ቀን የሚያሸልቡ ከሆነ ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላም እንዳይሆን አድርጉ። የመኝታውን ሰዓት ወደ 4 ግፉት። ጠዋት ደጅ ወጥተው ፀሐይ ይዩ። ክኒኗ ካደረገችላቸው የበለጠ ይህ ያደርግላቸዋል።

ሁሉንም መድኃኒት በአንድ ከረጢት ሰብስቡ፤ የዓይን ጠብታውንም፣ ቅባቱንም፣ ሰው ያመጣላቸውን የባህል መድኃኒትም። የኩላሊት የማጣራት አቅም ከ40 ዓመት በኋላ በአማካይ በዓመት በ1 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ገደማ ይቀንሳል፤ የዛሬ 15 ዓመት ልክ የነበረ መጠን ዛሬ ሊበዛ ይችላል። «ከዚህ የትኛው ይቅር፣ የትኛውስ ይቀነስ?» የሚለው ጥያቄ ካልጠየቃችሁት በራሱ አይነሳም።

ቆሞ የሚለካ ግፊት

አብዛኛው ሰው ግፊቱ የሚለካው ተቀምጦ ነው፤ የሚወድቀው ግን ሲነሳ ነው። አባታችሁ 5 ደቂቃ በጀርባቸው ይጋደሙና ለኩ። ይቁሙ። ቆመው በ1ኛው ደቂቃ፣ እንደገና በ3ኛው ደቂቃ ለኩ። አንዳችሁ አጠገባቸው ቁሙ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ባይዞርባቸውም እንኳ፣ ይህ ለሐኪሙ መነገር አለበት። ጠዋት ከቁርስ በፊት አንድ ቀን፣ ምሳ ከበሉ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ ቀን ለኩት፤ ምግብ ከተበላ በኋላ ደም ወደ አንጀት ስለሚያዘነብል የሚወርድባቸው አሉ።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ስንቆም ደም ወደ እግር ይወርዳል፤ በአንገት የደም ሥር ላይ ያሉት ግፊት ጠባቂዎች ወዲያው ልብን ያፈጥኑታል፣ ሥሮችን ያጠብባሉ። ዕድሜ ይህን ምላሽ ያዘገየዋል። የግፊት መድኃኒት፣ በተለይ የሚያሸናው፣ ይጨምርበታል፤ ለፕሮስቴት የሚሰጡት ታምሱሎሲንና ዶክሳዞሲንም እንዲሁ። የውሃ ማነስም አለ። በዚህ ዕድሜ የጥም ስሜት ስለሚደክም ሰውነት ደርቆ እንኳ «አልጠማኝም» ይላሉ። ሌሊት እንዳይነሱ ብላችሁ ቀኑን ሙሉ ውሃ አትከልክሏቸው፤ ቀን አጠጥታችሁ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለትና ሦስት ሰዓታት ቀንሱ። ልብ ወይም ኩላሊት የሚያማቸው ከሆነ የውሃውን ልክ ሐኪም ይወስን። እግራቸው ማታ ማታ የሚያብጥ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል እግራቸውን ከፍ አድርገው ይጋደሙ፤ ካልሆነ እግር ላይ የተጠራቀመው ውሃ ሌሊት ተኝተው ሳለ ወደ ደም ተመልሶ ሽንት ይሆናል። የግፊት መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አትቀንሱ።

እስከዚያው አነሳሳቸውን አስለምዷቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሁለት ደቂቃ ይቆዩ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን 20 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ፣ የሚይዙት ነገር ይዘው ይቁሙ፣ እስከ 10 ቆጥረው ብቻ እግራቸውን ያንሱ። ሌሊት ሽንታቸውን ተቀምጠው ይሽኑ፤ ቆሞ መሽናት ራሱ ግፊት ያወርዳል።

የሌሊቱን መንገድም አስተካክሉት። የ60 ዓመት ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ዓይን ውስጥ ከሚገባው ሲሶ ያህሉ ነው፤ ብሌኑ ይጠብባል፣ የዓይን ሌንስም ይደፈርሳል። ዓይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ለመላመድ የሚወስድበት ጊዜም ይረዝማል። ስለዚህ ዓይን የሚያጠፋ ትልቅ መብራት ሳይሆን ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ድረስ ወለሉን የሚያሳይ ደብዘዝ ያለ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ይብራ። ጫፉ የተነሳ ምንጣፍ አንሱ። ተረከዝ የሌለው ነጠላ ጫማ ይቅር፤ ተረከዝ የሚይዝ ይሁን። ከመጸዳጃው አጠገብ ግድግዳ ውስጥ በብሎን የገባ የእጅ መያዣ አስገጥሙ፤ የፎጣ መስቀያ የሰው ክብደት አይችልም፤ ሲይዙት ተነቅሎ አብሮ ይወድቃል።

እግር

ጡንቻ ከ30ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ይፈጥናል። ጉልበት ደግሞ ከጡንቻው መጠን ይልቅ ቶሎ ይወርዳል፤ ቀድመው የሚሳሱት ፈጣኖቹ የጡንቻ ክሮች ናቸውና። ስንደናቀፍ እግራችንን አስቀድመው የሚያደርሱልን እነዚያ ናቸው። ሽማግሌም ወጣትም ይደናቀፋል፤ ልዩነቱ እግር በሰዓቱ መድረሱ ላይ ነው።

እጅ መደገፊያ የሌለው፣ 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ወንበር ግድግዳ አስደግፉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቆመው እንደሚቀመጡ ቁጠሩ። ከ70 እስከ 74 ዓመት ላለ ወንድ ከ12 በታች፣ ለሴት ከ10 በታች ከእኩዮች ያነሰ ነው። በእጃቸው ገፍተው ከተነሱ ውጤቱ ዜሮ ይጻፋል። አትደንግጡ፤ የምትጀምሩበትን ቦታ አወቃችሁ ማለት ነው። ከዚያ ከወንበሩ 3 ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ፤ ተነስተው፣ እንደ ልማዳቸው ሄደው፣ ዞረው፣ ተመልሰው እስኪቀመጡ ሰዓት ያዙ። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀ የመውደቅ አደጋ አለ። ሰከንዱን ብቻ አትዩ፤ መዞሪያው ላይ እግራቸውን እዩ። ወለሉ ላይ የተጣበቀ ከመሰለ፣ ሽንትም የሚያመልጣቸውና የሚረሱ ከሆነ ሐኪሙ አንጎል ውስጥ ውሃ መጠራቀሙን ሊያጣራ ይገባል፤ ይህ በቀዶ ሕክምና ሊረዳ የሚችል ሕመም ነው።

ሕክምናውም ከዚያው ወንበር ይገኛል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቀን እያሳለፉ፣ 8 ጊዜ ይነሱና ይቀመጡ፤ ሁለት ደቂቃ አርፈው ይድገሙት። ሲነሱ ፈጠን፣ ሲቀመጡ እስከ 4 እየቆጠሩ በቀስታ። ዘፍ ብሎ መቀመጥ የልምምዱን ግማሽ ያባክናል። መነሳት ካልቻሉ ወንበሩ ላይ ጠንካራ ትራስ ጨምራችሁ ከፍ አድርጉት፤ ሲቀላቸው ትራሱን አውጡ፤ እሱም ሲቀል በሁለት እጃቸው የውሃ ጠርሙስ ይያዙ። ትንፋሽ ይዘው እንዳይነሱ፣ ግፊት ያሻቅባል፤ ሲነሱ ጮክ ብለው ይቁጠሩ። ጉልበታቸው ወደ ውስጥ እንዳይጠማዘዝ፤ ምግብ እንደበሉም አይሥሩ። ደረት ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ያቁሙ። ለሚዛን ደግሞ ጠረጴዛ ይዘው አንዱን እግር ከሌላው ፊት፣ ተረከዝን ከጣት አገናኝተው ይቁሙ፤ 10 ሰከንድ። ይህን ያህል መቆም አለመቻል ራሱ የመውደቅ ምልክት ነው።

ለውጡ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ስለሚፈልግ ብዙ ቤተሰብ በሦስተኛው ሳምንት ይሰለቻል። በሌላ በኩል ማጣቱ ፈጣን ነው፦ 10 ቀን አልጋ ላይ የዋሉ ጤነኛ አረጋውያን ከእግራቸው 1 ኪሎ ያህል ጡንቻ አጥተው ተገኝተዋል። «ተቀመጥ፣ እኛ እናመጣልሃለን» የሚለው አክብሮት ስንቱን እግር እንዳሰነፈ ቤት ይቁጠረው። ልምምዱ የሚሠራበት ፕሮቲንም ይፈልጋል፤ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም። 65 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ65 እስከ 78 ግራም መሆኑ ነው፤ አንድ እንቁላል 6፣ 250 ሚሊ ሊትር ወተት 8 ግራም ያህል ይሰጣል። ማታ ላይ ከመከመር ለሦስቱ ምግቦች ማከፋፈል ይሻላል። ኩላሊት ለታመመ ሰው ይህ ልክ ስለማይሆን ሐኪም ይጠየቅ።

አሁን ስለ መርሳት

በጤነኛ እርጅና የሚቀንሰው በዋናነት ፍጥነት ነው። አዲስ ነገር ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መሥራት ያስቸግራል። የቃል ሀብትና የኑሮ ዕውቀት ግን ይቆያል፤ እስከ 60ዎቹ የሚጨምርላቸውም ብዙ ናቸው። ስም ቀድሞ የሚጠፋው ስም ብቻውን የተንጠለጠለ ስለሆነ ነው፦ ሰውየው ሐኪም መሆኑን፣ የልጆቹን ብዛት፣ የት እንደሚኖር የሚያስታውሱት ነገሮቹ እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ ነው፤ ስሙን የሚስብ ሌላ ነገር ግን የለም። አባታችሁ «ያ እንትን... ረጅሙ፣ ጥርሱ ፍንጭት የሆነው» ካሉ ሰውየው አእምሯቸው ውስጥ አለ።

ዋናው ልዩነት ፍንጭ ሲሰጥ ይታያል። ጠዋት እንግዳ መጥቶ ነበር እንበል። ማታ «ማን መጣ?» ብትሏቸው ይጠፋቸዋል። «አብሮህ የተማረው» ስትሏቸው «እህ፣ አዎ! ሻይ እንኳ ሳይጨርስ ሄደ» ካሉ ነገሩ ተቀምጧል፤ ያስቸገረው ማውጣቱ ነው። ይህ ከእርጅና፣ ከድካም፣ ከክኒን ወይም ከድብርት ጋር ይሄዳል። ፍንጩ ሁሉ ተሰጥቷቸው «ማንም አልመጣም» ብለው ከጸኑ፣ በተደጋጋሚም እንዲህ ከሆነ ነገሩ መጀመሪያውኑ አልተቀመጠም፤ ከመርሳት በሽታዎች ዋነኛው የሆነው አልዛይመር ቀድሞ የሚጎዳው ይህን ማስቀመጫ ነው። በጨዋታ መካከል ልብ በሉት እንጂ እንደ ፈተና አታቅርቡት፤ መስማታቸውን ሳታረጋግጡም አትፍረዱ።

ከዚህ ሌላ የሚያሳስበው በአንድ ሰዓት ውስጥ ያንኑ ጥያቄ መደጋገም፣ በለመዱት መንገድ መጥፋት፣ የተከፈለን ሂሳብ እንደገና መክፈል፣ ለዘመናት ሲሠሩት የነበረውን ሥራ ቅደም ተከተል ማጣት፣ ጠባይ መለወጥ ነው። ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት ሁላችንም ላይ አለ፤ ቁልፉ ለምን እንደሚያገለግል መጠየቅ ግን እርጅና አይደለም።

ለአራት ሳምንት ደብተር ያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ የሆነው ነገር፣ የተባለው ቃል በቃል፣ የዚያን ሌሊት ክኒን ተወስዶ እንደሆነ። «ይረሳል» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ማክሰኞ 5 ሰዓት ላይ ስለ ቀጠሮው 4 ጊዜ ጠየቀ» በሉ። የምታወዳድሯቸው ከጎረቤት ሽማግሌ ጋር ሳይሆን ከራሳቸው የዛሬ ሁለት ዓመት ጋር ነው።

ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ የደም ብዛት፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ካልሲየም፣ የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ያዛል፤ እንደ ሁኔታው የጭንቅላት ምስልም ይጨምራል። ለስኳር የሚሰጠውን ሜትፎርሚን ወይም ለጨጓራ አሲድ የሚሰጠውን ኦሜፕራዞል ለዓመታት የወሰደ ሰው ቢ12 ሊያንሰው ይችላል። ድብርትና በእንቅልፍ መካከል የትንፋሽ መቋረጥም መርሳት ይመስላሉ። ከ30 የሚታረመው የአእምሮ ፈተና ሲሰጥ ትምህርት፣ ቋንቋ፣ ዓይንና ጆሮ ነጥቡን ያወርዱታልና መነጽራቸው አይቅር። ውጤቱ ከእርጅና ወርዶ ከመርሳት በሽታ ያልደረሰ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ውጤት ካገኙ ሰዎች ብዙዎቹ ባሉበት ይቆያሉ፣ ጥቂት የማይባሉትም ይሻሻላሉ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ግምገማ ወደ 45 በመቶ የሚጠጋው የመርሳት በሽታ ሊለወጡ ከሚችሉ 14 ነገሮች ጋር ይያያዛል፤ የጆሮና የዓይን መድከም፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራና ብቸኝነት በዝርዝሩ አሉ። እህታችሁ የውጭ ጉዳያቸውን እንውሰድ ያለችው ሰዎችን የሚያገኙበትን መንገድ ነው፤ እሱን ተዉላቸው። ገንዘቡ ላይ ደግሞ ያለፉትን ስድስት ወራት ሂሳብ አብራችሁ እዩ። ስህተት ከሌለ የምትወስዱት ነገር የለም። ካለ ትልልቁ ክፍያ ላይ ሁለተኛ ሰው ይፈርም፣ የዕለት ወጪው በእጃቸው ይሁን። ውክልና መስጠት ከፈለጉም አስበው መወሰን በሚችሉበት በአሁኑ ጊዜ ይሁን።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ትናንት ደህና የነበረ ሰው በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተደናገረ፣ አንዴ ነቅቶ አንዴ ከደነዘዘ፣ ወራትን ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ መቁጠር እስኪያቅተው ትኩረቱ ከተበተነ፣ ያ እርጅናም የመርሳት በሽታም ሳይሆን ድንገተኛ ሕመም ነው። የሳንባ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ አዲስ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ ትኩሳት ላይኖር ይችላል፣ የልብ ሕመምም ያለ ደረት ሕመም ይመጣል። አፍ ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ ስትሮክ ነውና ደቂቃ አታባክኑ። አባታችሁ ደግሞ ባለፈው ወር ወድቀዋል። ሲወድቁ ጭንቅላታቸው ተመትቶ እንደሆነ በደንብ ጠይቁ፤ አንጎል በዕድሜ ስለሚሸበሸብ ወደ ራስ ቅል የተዘረጉት ቀጫጭን ደም ሥሮች ተወጥረው በቀላሉ ይበጠሳሉ፤ ደሙም ለሳምንታት ቀስ እያለ ሊጠራቀም ይችላል። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ፣ ራስ ምታት፣ ማንቀላፋት ወይም ካለፈው ወር ወዲህ የባሰ መደናገር ካለ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ዛሬውኑ ውሰዷቸው።

ምን ብላችሁ ትነግሯቸዋላችሁ? ሦስታችሁም ከብባችሁ አትናገሩ። ከሦስታችሁ ነገሩን የሚቀበሉት አንዱ፣ ጠዋት፣ ብቻውን፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያናግራቸው። በመርሳት አትጀምሩ፤ በመውደቁ ጀምሩ፤ እሱን እሳቸውም አይክዱትም። «አባዬ፣ ያን ሌሊት መውደቅህ አሳስቦናል። ግፊትህ ስትቆም ይወርዳል። ሐኪሙ መድኃኒቶችህን ይይልህ፣ ጆሮህንም አብረን እናሳይ» ይበቃል። እምቢ ካሉ አትከራከሩ፤ ከሳምንት በኋላ በጆሮው ብቻ ሞክሩ።

ቀጠሮውን ጠዋት፣ በደንብ ነቅተው ባሉበት ሰዓት ያዙ። ከረጢቱን፣ የግፊት ልኮቹን፣ የወንበሩን ቁጥርና ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ደብተሩን ግን እሳቸው ፊት እያነበባችሁ አትክሰሷቸው፤ ቀድማችሁ ለሐኪሙ ስጡት። አንዳችሁ ብቻ አብራችሁ ግቡ። ሐኪሙ ጥያቄውን ወደ እናንተ ካዞረ እናንተ ወደ አባታችሁ ዞር በሉ፤ መልሱን እሳቸው ይጀምሩት፣ የጎደለውን እናንተ ትሞላላችሁ።